የሙሴ ስቴሊዮ አውራ ጣት

ስለ ሉልሰገድ ከማውራቴ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ አጥፊው እኔ ነኝ። ወደ ሌላ ሰው ጣታችሁን እንዳትቀስሩ።

ኢስሃቅ እባላለሁ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቋን የከፈቷት አባቴ ሐጂ የሲን ናቸው፤ ከወሎ መጥተው ከምኒልክ አደባባይ ወደ ታች ሲወረድ ያለችውን ጠባብ ክፍል ያዙ፣ እኔም እዚያችው መቀስ እንደያዝኩ አረጀሁ። ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ ግራና ቀኙ ፈርሶ እሷ ጠርዝ ላይ ቀረች። አልሐምዱሊላህ። ለምን እንደቀረች አልጠየቅሁም፤ የተረፈ ሰው ጥያቄ አያበዛም።

የሉልሰገድ ሱቅ ግን አልተረፈችም። ሉልሰገድ ሰዓት ሠሪ ነው። ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ እኔን በሁለት ዓመት ይበልጠኛል፣ ይህንንም በየቀኑ ያስታውሰኛል። ሱቁ በፈረሰች ማግስት ዕቃውን በሁለት ካርቶን ሸክፎ ደጃፌ ላይ ቆመ።

«ኢስሃቅ፣ ጥግ አለህ?»

«ጥግ ባይኖረኝ ጭኔ አለ፤ ግባ» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ በአንድ በኩል የእኔ የስፌት መኪና ትንጫጫለች፣ በሌላ በኩል እሱ አንድ ዓይኑ ላይ ማጉያ መስታወት ሰክቶ ያቀረቅራል። እኔ እለፈልፋለሁ፣ እሱ ይሰማል። እየሰማ ይሁን እያስመሰለ እስከ ዛሬ አላረጋገጥኩም።

ሰፈሩ «ሉሌ ግሪኩ» ነው የሚለው። ቀይ ነው፣ ጸጉሩ ሉጫ ነው፣ በዚያ ላይ ግሪክኛ አቀላጥፎ ይናገራል። መታወቂያው ላይ የአባት ስም «ስቴሊዮ» ይላል። ሙሴ ስቴሊዮ፣ ድሮ በእኛ ሰፈር ፈረንጁን ሁሉ ሙሴ ነበር የምንለው፣ ግሪክ ሰዓት ሠሪ ነበሩ። እናቱ እትዬ ትርሓስ ደግሞ ከሽሬ የመጡ ሴት ነበሩ፤ በሙሴ ቤት ወጥ ሊሠሩ ገብተው ኋላ የቤቱ እመቤት ሆኑ። ሰው የሁለቱን መልክ ከሉሌ ፊት ላይ እየለቀመ «አፍንጫው የሙሴ፣ ዓይኑ የእትዬ ትርሓስ» ሲል ነው የኖረው።

ሙሴ ስቴሊዮ አንድ ልማድ ነበራቸው። ሰዓቱን ሊያሠራ የመጣውን ሰው፣ ሥራው ሲያልቅ «በሐበሻ ልሙላው በፈረንጅ?» ብለው ይጠይቃሉ። የራሳቸው ሰዓት ግን ሁልጊዜ የሚሞላው በሐበሻ ነበር። ሌሎቹ ግሪኮች ሲስቁባቸው «ከነጋ አንድ ሰዓት ሲያልፍ አንድ ሰዓት ነው፤ ከዚህ የቀለለ ምን አለ?» ይላሉ። በአብዮቱ ጊዜ ወገኖቻቸው እየተነሡ ሲሄዱ እሳቸው አልሄዱም። በስልሳዎቹ መጨረሻ ታመው ሞቱ፤ ሉሌ ያኔ ገና የሃያ ዓመት ወጣት ነበር።

ሙት ዓመታቸው በመጣ ቁጥር ሉሌ ጉለሌ ወዳለው የፈረንጆች መቃብር ይወጣል። ድንጋዩን በሳሙና ያጥባል፣ ሻማ ያበራል፣ የሙሴን የኪስ ሰዓት በሐበሻ ሞልቶ ድንጋዩ ላይ ያኖርና አጠገቡ ይቀመጣል። ሠላሳ ዓመት አይደለም፣ አርባ አይደለም፤ ከዚያም በላይ ነው፣ አንድ ጊዜ አልቀረም። እኔም ብዙ ጊዜ አብሬው ወጥቻለሁ። እዚያ ስንቀመጥ ሁሌ የሚያነሣት አንዲት ትዝታ አለችው።

«ሦስት ዓመት ቢሆነኝ ነው» ይላል። «አባቴ አውራ ጣቱን ማር ነክሮ አፌ ውስጥ ያደርገዋል። ጣቱ የሰዓት ዘይት ዘይት ይላል። ሰዎች ተቀምጠው ያዩናል። ከማሩ ይልቅ ዘይቱ ነው የማይረሳኝ። ምን ዓይነት ጨዋታ ነበር ይሆን?»

እኔም «ሙሴ መቼ ጨዋታ አልቆባቸው ያውቃል» እልና ወሬ እቀይራለሁ። ጥፋቴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ባለፈው ጥቅምት አንዲት ጸጉራቸው የነጣ ፈረንጅ ሴት ወደ ሱቃችን ገቡ። ስማቸው ኤሌኒ ነው። ፈረንጅ ኤሌኒ ሲባል ስሰማ ሳቄ መጣ፤ በሰፈራችን ሦስት ኤሌኒዎች ነበሩን። የሙሴ ስቴሊዮ የወንድም ልጅ ናቸው፤ ከግሪክ፣ ሙሴ ከተወለዱባት ደሴት ነው የመጡት። ሉሌ ከወንበሩ ተነሥቶ በግሪክኛ ሰላም ሲላቸው ሴትዮዋ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ምን ሆኑ? ምን አሉ?» አልኩት።

«አያቴን የሰማሁ መሰለኝ ነው የሚሉት። እንዲህ አድርጎ የሚናገር ሰው በደሴታችን ካለቀ ቆየ አሉ።»

ለሉሌ አንድ ብልቃጥ ማር አመጡለት፤ የደሴታቸው ማር ነው። ከዚያ የመጡበትን ነገር ተናገሩ፤ ሉሌ እየተረጎመ ነገረኝ። አያታቸው፣ ማለት የሙሴ እናት፣ ሲሞቱ «ልጄን አምጥታችሁ ከአጠገቤ አኑሩልኝ» ብለው ተናዝዘዋል። በእነሱ አገር ዐፅም ከዓመታት በኋላ ወጥቶ ከቤተሰብ ጋር መኖሩ የታወቀ ወግ ነው። ማዳም ኤሌኒ ይህን ኑዛዜ ሳልፈጽም እንዳልሞት እፈራለሁ ብለው መጡ። የመቃብሩ ጠባቂዎች ግን «ልጃቸው ነው በየዓመቱ የሚያጥበው፤ መጀመሪያ ከእሱ ጋር ተስማሙ» አሏቸው።

«በእኛ ቤት አጎቴ ልጅ አለው ሲባል የሰማ የለም» አሉ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ቀጥ ብለው ነው የተናገሩት። «ልጁ ከሆንክ ቃልህ ከእኔ ይበልጣል፤ እዚሁ ይተኛ ካልክ ይተኛል። ካልሆንክ ግን እወስደዋለሁ። ይህን የሚለይ ምርመራ አለ።»

ከቦርሳቸው ሁለት ትንንሽ ጠርሙሶች አወጡ። ምራቅ ይተፋበታል፣ ይላካል፣ የዘር ሐረግህ ከየት ከየት እንደሆነ በመቶኛ ተቆጥሮ ይመጣል። አንዱ ቢበላሽ ብለው ነው ሁለት የያዙት፤ የራሳቸውን አስቀድመው ልከዋል።

«እንኳን ምራቅ ደም ልስጥ» አለ ሉሌ። እየሳቀ ተፋ። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። አፌን ከፍቼ አንድ ቃል ብናገር ይቆም ነበር፤ አልተናገርኩም። ሁለተኛው ጠርሙስ ሲተርፍ ሉሌ «ለምን ይባክናል፣ ኢስሃቅ፣ አንተም ተፋበት፤ ከወሎ ወዲያ የት እንደሆንክ እንየው» አለኝ። ድንጋጤዬን ለመደበቅ ስል ተፋሁ።

ወር ከምናምን ቆይቶ ውጤቱ መጣ። ማዳም ኤሌኒ የላኩት ወደ ልጄ ወደ ኢክራ ስልክ ነው፤ ኢክራ አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ የባዮሎጂ ተማሪ ናት። ከትምህርት ቤት በቀጥታ መጣች። ሱቁ ውስጥ ሱሪውን የሚጠብቅ እምሩ የሚባል ጡረተኛ አስተማሪም ነበር። የኢክራን ፊት አይቼ ገባኝ።

«አባዬ፣ መጀመሪያ ያንተን ላንብብ» አለች። ጊዜ ለመግዛት ነው። የእኔ ከዘጠና በመቶ በላይ የዚሁ የእኛ አካባቢ ሆኖ፣ ከየመን ጥቂት፣ ከደቡብ ምሥራቅ አውሮፓ ደግሞ አራት በመቶ ይላል።

እምሩ ወንበሩ ላይ ተንከተከተ። «ሙሴ ኢስሃቅ! እንግዲህ ሱሪዬን በአውሮፓ ደረጃ ነው የምትሰፋው።» ምናልባት አንድ የቱርክ ነጋዴ፣ ምናልባት አንድ ወታደር፣ ማን ያውቃል። ሉሌም ሳቀ። «የእኔስ?» አለ።

ኢክራ ወደ እሱ ዞራ «ጋሼ ሉሌ» አለች፤ ድምጿ ዝቅ አለ። «ግሪክ የለውም። ከአውሮፓ ምንም የለውም። ሙሉ በሙሉ የዚሁ አገር ነው። ከማዳም ኤሌኒም ጋር ዝምድና አልተገኘም።»

«ጠርሙሱ ተቀያይሮ ነው» አለ ሉሌ ወዲያው።

«ቢቀያየርም ያው ነው፣ ጋሼ። አባዬም የእሳቸው ዘመድ አይደለም።»

እምሩ ደግ ሰው ነው፣ ሊያጽናና ፈለገ። «ይህ መቶኛ ምን ያውቃል? ለመሆኑ ግሪክ ራሱ ፈረንጅ ነው? እኔ ልጅ ሆኜ አራዳ ላይ ፈረንጅ የሚባለው አምባሳደሩና መሐንዲሱ ነበር። ግሪኩና አርመኑ እድር ገብቶ፣ ለቅሶ ደርሶ፣ ተጣልቶ ታርቆ ሲኖር ማን ፈረንጅ አለው? ጎረቤት ነበር። አሁን ይኸው ግሪክኛ የሚያውቀው ሰው ፈረንጅ አይደለህም ተባለ፣ ሰላም ማለት የማያውቀው ኢስሃቅ አራት በመቶ ተሰጠው። መስመሩ የት ላይ ነው የተሰመረው?»

ሉሌ አልሰማውም። ማጉያ መስታወቱን ከዓይኑ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ታዲያ እስከ ዛሬ የማንን መቃብር ነው ያጠብኩት?» ብሎ ወጣ። ማሩ ሳይከፈት መደርደሪያው ላይ ቀረ።

ሦስት ቀን አልመጣም። በአራተኛው ቀን ሱቄን ዘግቼ የሚኖርበት ኮንዶሚኒየም ሄድኩ። ሚስቱ ጽዮን በሩን ከፍታ «ኢስሃቅ፣ እንኳን መጣህ። ሦስት ቀን ሰዓቱን እንኳ አልሞላም» አለችኝ። የሉሌ ሰዓት ስትቆም ያየ ሰው የለም። ልቤ ተሰበረ።

በፌስታል የያዝኩትን መዝገብ ፊቱ አስቀመጥኩት። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ፤ መዝገቡን የተረከብኩት አባቴ ሲደክሙ፣ የዛሬ ሠላሳ አራት ዓመት ነው። ያኔ አባቴ አንድ ገጽ ገልጠው «ይህን አንብብና እርሳው» አሉኝ። አነበብኩ፤ አልረሳሁም። አሁን ያንኑ ገጽ ገለጥኩለት። በደማቅ ቀለም፣ በድሮ የእጅ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «ሙሴ ስቴሊዮ። ባለቤት፣ ወይዘሮ ትርሓስ። ልጅ፣ ሉልሰገድ፤ ሽማግሌ ባለበት በማር ያጠቡት የጡት ልጃቸው። ምስክር፣ ሐጂ የሲን። ምስክር፣ አባ ኪሮስ።»

የእኛን ወግ የማያውቅ ካለ ልንገረው። ሰው ያልወለደውን ልጅ ልጄ ነው ሲል ሽማግሌ ያስቀምጥና ጣቱን ማር ነክሮ ያጠባዋል። ከዚያ ወዲያ ልጁ ልጅ ነው፤ ይወርሳል፣ አባቱን ይቀብራል። ያንን ልጅ «አልተወለድክም» ብሎ ማስታወስ ደግሞ ነውር ነው። እትዬ ትርሓስ ከሽሬ ሲመጡ ልጁ ጀርባቸው ላይ ነበር። ሙሴ በሦስት ዓመቱ አጠቡት። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ያውቁ ነበር፤ ሁሉም ይዘውት ሞቱ።

ሉሌ ገጹን ሁለቴ አነበበ።

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እና ምራቄን ስተፋ ቆመህ አየኸኝ።»

«አየሁህ። ከወግ ልውጣ ወይስ ዝም ልበል ስል ጊዜው አለፈ። ደሙ እንዲገጥም ተመኘሁ፤ ምናልባት አባቴ ተሳስተው ይሆናል አልኩ። ስደበኝ።»

«ጅል ነህ» አለኝ።

«ነኝ።»

ከዚያ አውራ ጣቱን አንሥቶ አየው፤ ወደ ከንፈሩ አስጠጋው። «ማሩ» አለ። «ኢስሃቅ፣ ጨዋታ አልነበረም።» አለቀሰ። ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ፣ ጽዮንም አለቀሰች፣ እኔም አላፍርም፣ አለቀስኩ። ሲረጋጋ እንዲህ አለኝ፦ «ሰው የወለደውን ቢያሳድግ ምን ይደንቃል? ግዴታው ነው። እኔን ማንም አላስገደደውም። ስሙን ሰጠኝ፣ ቋንቋውን ሰጠኝ፣ እጁን አስተማረኝ፣ እናቴን አከበረልኝ። ተመስገን። እስከ ዛሬ ያመሰገንኩት አንሶ ነበር።» ተነሥቶ ሰዓቱን ሞላ።

ማዳም ኤሌኒ በጥር ተመልሰው መጡ። የማስወጫውን ወረቀት ይዘው ነው። ሱቄ ውስጥ ተቀመጥን፤ ሉሌ በግሪክኛ ረጅም ጊዜ ተናገረ፣ መዝገቡንም አሳያቸው። ሴትዮዋ ፊደሉን አያውቁትም፣ ግን ጣታቸውን መስመሩ ላይ አኖሩ። ከዚያ ኢክራን በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቋት።

«ይህን ማን አስጻፈው ነው የሚሉት» አለችኝ ኢክራ።

«ራሳቸው ሙሴ፤ አባቴ ቆመው አይተዋል በያቸው።»

ማዳም ኤሌኒ ወረቀታቸውን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ መለሱት። በዚያው በእንግሊዝኛ ያሉትን ኢክራ ቃል በቃል ነገረችን። «አጎቴ ባዕድ አገር ብቻውን ሞተ ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት። አያቴ እስክትሞት ድረስ ፖስታ የሚያመጣውን ሰው በር ላይ ትጠብቅ ነበር። ለካ ብቻውን አልነበረም። ምርመራውን የጠየቅሁት እኔ ነኝ፣ የተሳሳተ ነገር ጠይቄያለሁ። ልጁ ነህ። ቃሉ ያንተ ነው፤ እዚሁ ይተኛ።»

አልሐምዱሊላህ አልኩ በልቤ። አለቀ፣ አሸነፍን። ሉሌ ግን ያቀረቀረበት ቀና አላለም።

«እናቱ በር ላይ ትጠብቀው ነበር አሉ?» አለኝ በአማርኛ፣ እኔ የነገርኩት ይመስል።

«አዎ፣ ታዲያ ምን ይሁን?»

«ይሂድ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም? አሁን እኮ ነው—»

«እኔ እናቴ እስከ መጨረሻው ቀኗ አጠገቤ ነበረች፣ ኢስሃቅ። እሱ ቤት ስለሰጣት ነው። የእሱ እናት ግን እሱን እየጠበቀች ሞተች። እኔ ይህን ያህል ዘመን አጠብኩት፤ ጠገብኩ ባልልም ይበቃኛል። አሁን ደግሞ እሷ ትየው።» ይህንኑ በግሪክኛ ሲደግምላቸው ሴትዮዋ ተነሥተው እጁን ሳሙት።

ዐፅሙ በሚወጣበት ቀን እድሩን ጠራሁ። ሰፈሩ ፈርሶ ሰው ከተማው ዳር ድረስ ተበታትኗል፤ ይህን ያህል ዘመን ለሞተ ሰው ማን ይመጣል ብዬ ነበር። መጡ። ከየአቅጣጫው በሁለት በሦስት ታክሲ እየተሳፈሩ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሙሴን በዓይናቸው ያላዩ ሁሉ ሳይቀሩ መጡ። ሉሌ የኪስ ሰዓቱን በሐበሻ ሞልቶ ትንሿ ሣጥን ውስጥ አኖረው። ማንም አልከለከለውም።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ኢክራ ስልኳን ይዛ ገባች። ማዳም ኤሌኒ ፎቶ ልከዋል። ነጭ ግንብ፣ ከጀርባው ባሕር፣ ግንቡ ላይ አዲስ የድንጋይ ጽሑፍ። ከላይ በግሪክ ፊደል የሙሴና የእናታቸው ስም ተጽፏል፤ ሉሌ አነበበልን። ከሥሩ ደግሞ የእኛው ፊደል አለ። ሴትዮዋ ከመሄዳቸው በፊት ኢክራን ሳንሰማ ወረቀት ላይ አስጽፈዋት ኖሯል፤ የደሴቱ ድንጋይ ጠራቢ፣ የእኛን ፊደል አይቶ የማያውቅ ሰው፣ ሥዕል እንደሚገለብጥ ገልብጦታል። «የሉልሰገድ አባት» ይላል።

ሉሌ ማጉያ መስታወቱን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ስልኩ ላይ አቀረቀረ። «የ‹ገ› እግር ተጣሟል» አለ፤ ድምፁ ግን ሌላ ነበር።

ከዚያ መደርደሪያው ላይ አቧራ የጠጣውን ብልቃጥ አወረደ። ቀኑን ሙሉ የአንድ አሮጌ ግድግዳ ሰዓት ዘይት ሲቀባ ስለዋለ እጁ ጥቁር ነበር። «ታጠብ እንጂ» አልኩት፤ አልታጠበም። ክዳኑን ከፍቶ አውራ ጣቱን ማሩ ውስጥ ነከረና ወደ አፉ አደረገው። ዓይኑን ጨፈነ።

«እሱ ነው» አለ። «ራሱ ነው፣ ኢስሃቅ።»

እኔም ወደ መኪናዬ ዞሬ የእምሩን አዲስ ሱሪ መስፋቴን ቀጠልኩ፤ ክሩ ግን ለረጅም ጊዜ አልታየኝም።